የሉፔ ዳቦ ቤት ግድግዳ

በዚያ ሳምንት ሌሲኤሊ ቁጭ ማለት አቃታት። ሰኞ ጠዋት ከመንደሯ ከቫይኒ በአውቶቡስ ወደ ዋና ከተማው ኑኩአሎፋ ወረደችና ገበያው አጠገብ ካለው ሱቃቸው ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ብስኩቱን ከመደርደሪያው እያወረደች እንደገና መደርደር ጀመረች። ሰማያዊው ማሸጊያ ላይ ነጭ ርግብ አለች። ሌሲኤሊ ርግቢቱ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ በሩ እንድታዞር ትፈልጋለች፤ ሠራተኞቹ ደግሞ እንዳመጣላቸው ነው የሚከምሩት።

«እማማ ሌሲ፣ ርግቦቹን ሰልፍ ሊያስወጧቸው ነው እንዴ?» አለቻት ሂሳብ የምትቀበለው ፊፊታ፣ ማስቲካዋን እያላመጠች።

«ጀርባዋን የሰጠችሽን ርግብ አንቺ ትገዣታለሽ?»

«እኔማ ዝም ብዬ ነው የምበላት።» ፊፊታ ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ እውነት ነው? ቅዳሜ ተፈርሞ ያበቃል ይላሉ። ሸሚዛችን ራሱ ሊቀየር ነው አሉ።»

ሌሲኤሊ የመጨረሻዋን ርግብ አስተካክላ ወጣች። ባሕሩ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ላይ አረፍ ልትል ተቀመጠች፤ ገና ሳትደላደል ብድግ አለች። ወደ ሁለተኛው ሱቅ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ቤቷ ስትገባ ያልቆሸሸ ድስት አውጥታ አጠበች።

በሰው ዓይን ሉፔ ትልቅ ነገር አይደለም። በቶንጋታፑ ደሴት ላይ የተበተኑ ስድስት ሱቆች፣ ቫይኒ ያለው አሮጌ ዳቦ ቤት፣ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ደረቅ ብስኩት፤ ይኸው ነው። ግን በደሴቲቱ ላይ ሉፔ ሳይነከርበት የሚጠጣ ሻይ የለም ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። ለቅሶ ሲደርሱም፣ ሰርግ ሲሄዱም፣ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ሊጠይቁ ሲሳፈሩም በካርቶን የሚሸከሙት እሱን ነው። አሁን ከኒውዚላንድ የመጣ አንድ ኩባንያ ሱቆቹንም፣ ስሙንም፣ ርግቢቱንም ሊገዛ ነው። ብስኩቱ ባሕር ማዶ ተጋግሮ በመርከብ ይመጣል፣ የቫይኒው ምድጃ ከቅዳሜ በኋላ ይጠፋል። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ተገላገላችሁ» ይላታል። እሷ ግን እንዲሸጥ አትፈልግም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ወንድሟ ሊሲያቴ መሸጥ የፈለገ መስሏታል፣ የደከመ ወንድሟን ዕረፍት መንፈግ ደግሞ አይሆንላትም።

«ታዲያ ለምን እሱኑ አትጠይቀውም?» የሚል ካለ፣ እዚህ አገር አላደገም። እህትና ወንድም ከፍ ካሉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ አይቀላለዱም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። መከባበር ነው። ዛሬ ዛሬ እርግጥ ልጆቹ በስልክ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ የሌሲኤሊ አባት ታኒኤላ ግን ሰባኪም ጋጋሪም ነበሩ፣ በሁለቱም ሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ዳቦ ቤቱን የሚያግዟቸው እነዚህ ሁለት ልጆች ብቻ ቀሩ፤ ሌሲኤሊ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ሊሲያቴ ትንሽ ያንሳታል። ሽማግሌው ታኒኤላ ልጆቹን ከሥራ ማስቀረት አልቻሉም፣ ወጉንም መጣስ አልፈለጉም። ስለዚህ ዳቦ ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ አቆሙ። መሐሉ ላይ ትሪ የምታሳልፍ መስኮት ተውለት፣ በእንጨት መዝጊያ። ሊሲያቴ በምድጃው በኩል ያቦካል ይጋግራል፤ ሌሲኤሊ በዚህ በኩል ትቆርጣለች፣ ታሽጋለች፣ ትሸጣለች። መንደሩ ስቆ ሊሞት ነበር። «የታኒኤላ ዳቦ ድንበር ተሻግሮ ነው የሚመጣው፣ ፓስፖርቱን ሳታዩ እንዳትበሉ» ይሉ ነበር።

ሽማግሌው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። ግድግዳው ግን አለ። ሌሲኤሊ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የወንድሟን ፊት ጠንቅቃ አታውቀውም፤ በቤተ ክርስቲያንም በድግስም ከሩቅ ነው የምታየው። እጆቹን ግን ከራሷ እጆች በላይ ታውቃቸዋለች። አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን የምድጃ ጠባሳ፣ ቀለበቱ እየጠበበው የሄደበትን ዓመት፣ ትሪውን ሲገፋ መዳፉን የሚገለብጥበትን መንገድ። ሲያንኳኳ ትከፍታለች፣ ትሪው ይመጣል፣ ትዘጋለች። ባሏ በባሕር የሞተ ጊዜ፣ ከለቅሶው መልስ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት፣ ሊሲያቴ ትሪውን ቶሎ አልለቀቀውም። እሷ በዚህ በኩል ይዛ፣ እሱ በዚያ በኩል ይዞ፣ ዳቦው እስኪቀዘቅዝ ቆሙ። ያለቀሰላት በዚያ ነው።

ብስኩቱንም የፈጠሩት በዚያው መስኮት ነው። ማዕበል መንገዱን ሁሉ የዘጋ ጊዜ የተረፈውን ዳቦ ቆራርጣ በኮኮናት ወተት ነክራ መለሰችለት፤ ነገሩ ገባውና አድርቆ ሰደደላት። መንደሩ ያን ሳምንት የበላው እሱን ነው። መሸጥ ሲጀምሩ ስም ቸገራቸው። አንድ ቀን ትሪው ላይ በተበተነው ዱቄት በጣቱ ርግብ ስሎ አሳለፈላት። ሌሲኤሊ ዱቄቱ እንዳይበተን ትሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ማሸጊያ ወደሚያትመው ሰው በእግሯ ሄደች። ሉፔ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ ርግብ ማለት ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሐል ቃል የምታመላልሰው የሊሲያቴ ሚስት ሱሊያ ናት። ሱሊያ ተጫዋች ናት፣ ምላሷም አይደክማት። ከወር በፊት የገዢዎቹ ሐሳብ የመጣ ዕለት በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ይዛ ወደ ሌሲኤሊ ቤት መጣች።

«እትዬ፣ ባሌ የእርስዎን ቃል አምጪ ብሎኛል።»

«የእኔ ቃል ምን ያደርግለታል? አንተ የወደድከውን እወዳለሁ በይው።»

ሱሊያ ሄደች፣ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ተመለሰች። «እሱም እህቴ የወደደችውን ብሏል። እንግዲህ ሁለታችሁም ከወደዳችሁ እኔ እግሬን ላሳርፍ።»

«መሸጡን ወዷል ማለት ነው?»

«አልጠላሁም ካለ ወዷል አይደል? ወገቡ እንደሆነ አልቋል። ሲተኛ ያቃስታል፣ ሲነሳ ያቃስታል። ይረፍ እንጂ እትዬ፣ እስከ መቼ እንደ በሬ?»

ሌሲኤሊ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ነገሩ በዚህ ተቋጨ። መከባበር ጥሩ ነው፤ እንደ ጨው ግን ልክ አለው፣ በእነሱ ቤት ደግሞ ልኩ ካለፈ ቆይቷል።

ማክሰኞና ረቡዕ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ዋለች። ረቡዕ ከሰዓት ዳቦ ቤቱ ገብታ መስኮቱ ሲንኳኳ ከፈተች፣ ትሪውን ያዘችና አልሳበችም። እንደዚያ ጊዜው እሱም ይዞ ቢቆም ልቡን የምታውቅ መሰላት። እጆቹ ለአፍታ ቆዩ፣ ከዚያ ትሪውን ለቀው ተመለሱ። «ደክሞታል» አለች በልቧ። «ትሪ መያዝ እንኳ አቅቶታል።» ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ሁሉ ከእጇ ይወድቅ ነበር።

ሐሙስ ወደ ወንድሟ ልጅ ወደ ፊሊሞኔ ቢሮ ሄደች። ፊሊሞኔ ሱቆቹን የሚያስተዳድር፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። እዚህ መሬትም ምድጃም በወንድ ስም ነው የሚያዘው፤ ሊሲያቴም ወገቡን ካመመው ወዲህ ሁሉንም በልጁ ስም አዙሮታል። ስትገባ ከወንበሩ ተነስቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አክስቱ ቆማ እሱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም።

«አባትህ ስለ ሽያጩ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም አክስቴ። አባቴ መቼ ይናገራል? አክስትህን ደስ ካላት ፈርም ብሎኛል።» ፊሊሞኔ ቀና ብሎ አያት። «ሐሳብ ቀይረው ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ በዚያ ኩባንያ ሥራ ተሰጥቶኛል፣ አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኛል። ግን እርስዎ ተው ካሉኝ እተወዋለሁ።»

ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። የአባት እህት ናት፤ እንዲህ ያለችዋን አክስት እዚህ ፋሁ ይሏታል፣ ከወንድሟ ልጆች ቤት የፈለገችውን ብትወስድ እምቢ የሚላት የለም። አንዳንዷ አክስት ቴሌቪዥን ትወስዳለች፣ አንዳንዷ አሳማ። ሌሲኤሊ ግን አንድ ቀን እንኳ አንሶላ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ከአፏ አንድ ቃል ቢወጣ ሽያጩ ይፈርሳል፣ የወንድሟም ዕረፍት አብሮ።

«እኔ ምን አገባኝ? ደህና ዋል» አለችና ወጣች። በሩን ስትዘጋ እጀታውን ጨብጣው ቀረች፤ ተመልሳ ልትገባ ነበር፣ አልገባችም።

ቅዳሜ የፊሊሞኔ ሴት ልጅ አንደኛ ዓመት ልደት ነበር። ፊሊሞኔ ፊርማውንም ከድግሱ ጋር አያይዞታል፤ በዘመድ ፊት፣ በሰባኪው ቡራኬ ይሁን ብሎ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ የተጠበሱ የአሳማ ግልገሎች ከዳር እስከ ዳር ተደረደሩ። ሌሲኤሊ ከሰሌን የተሠራ ታኦቫላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ከሁሉ በላይ፣ በፋሁ ቦታ ተቀመጠች። መቀመጥ ከተባለ ነው። በየደቂቃው ምንጣፉን ትጎትታለች፣ ያልመጣ ዝንብ ታባርራለች። ሊሲያቴ ከሽማግሌዎች ጋር ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ካቫ የሚባለውን ባህላዊ መጠጥ እየጠጣ ነው፤ እንደ ወጉ ጀርባውን ወደ እሷ አዙሯል። ከጀርባው የምታነበው ነገር አጣች።

የገዢዎቹ ሰው ግራንት ይባላል። ቅን ሰው ነው፣ ለሁሉም ይስቃል፣ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። ቅባት በነካው እጁ ፊሊሞኔን ትከሻውን መታ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች ሌሲኤሊ።

ፊሊሞኔ ፈገግ አለ። «ዳቦ ቤቱን ዞሮ አይቶት፣ ያ ግድግዳ ምን ያደርግላችኋል ነው የሚለው። በመጀመሪያው ሳምንት አስፈርሼው መጋዘን አደርገዋለሁ አለ።»

እንግዶቹ ለጨዋነት ሳቁ። ሌሲኤሊ አልሳቀችም። ያ ግድግዳ እናትም ወንድምም ሆኖ አሳድጓታል፤ ከሊሲያቴ ጋር ያላት ነገር ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ያለፈ ነው። ነገ መስኮቱ ከሌለ ወንድሟን በምን ታገኘዋለች? በቤተ ክርስቲያን ወንበር ከሩቅ ማጅራቱን እያየች?

በዚህ መሐል ንግግር አዋቂው ሽማግሌ ተነስቶ የፋሁዋን ስጦታ አስጠራ። ምንጣፍ ከእግሯ ሥር ተነጠፈ፣ ሥዕል የተሳለበት የዛፍ ልጥ ልብስ ተከመረ። ፊሊሞኔ ከባለ ሦስት ፎቁ ኬክ የላይኛውን ክፍል በሁለት እጁ ይዞ እፊቷ ተንበረከከ።

«አክስቴ፣ ይህ የእርስዎ ነው።»

«ለልጆቹ ስጣቸው። እኔ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው።»

«ይዘዙኝ።»

ሌሲኤሊ ዓይኗን በጨው አጠበች። «ምድጃውን።»

«የትኛውን ምድጃ?»

«ስንት ምድጃ አለህ? የቫይኒውን ነዋ። ከነሱቆቹ፣ ከነርግቢቱ።»

ፊሊሞኔ ኬኩን እንደያዘ ወደ አባቱ ዞረ። ሊሲያቴ የካቫውን ጽዋ ይዞ አቀርቅሯል፣ አልዞረም። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። ያ ሁሉ ደመወዝ፣ ቢሮ፣ አዲስ መኪና በዓይኑ ላይ ሲሄድ ይታይ ነበር። «የእርስዎ ነው» አላት በመጨረሻ።

ግራንት የሆነው አልገባውም። ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ። «ትናንት የምትሸጠው ነገር ነበረህ እኮ» አለ።

«ትናንት አክስቴ አልጠየቁኝም ነበር» አለው ፊሊሞኔ።

«ሕግ የለም እንዴ?»

«አለ። ሕጉ እዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ናቸው።»

ሊሲያቴ ይህን ጊዜ ጽዋውን አስቀመጠ። ወገቡን ደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወደ ማንም ሳያይ በጓሮው በኩል ወጥቶ ሄደ። ሌሲኤሊ አየችው። ሱሊያ ሳህን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ ተናገረች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ። «ሌላው ፋሁ ኬክ ይወስዳል። እርስዎ የባሌን ዕረፍት ወሰዱ።»

«ዘረፍኩት» እያለች ነው ያደረችው። እሁድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የወንድሟ ቦታ ባዶ ነበር፤ ታሞ እንኳ የማይቀር ሰው ነው። የፊሊሞኔም ሚስት ሰላምታዋን ነፈገቻት። መዝሙሩ ሲዘመር ሌሲኤሊ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ የላትም። ሰባኪው ገና ሳይጨርሱ ሹልክ ብላ ወጣች፣ ይህም በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም። ባዶው መንገድ ላይ እግሯ እንደወሰዳት ሄደች። እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው ዳቦ ቤት ብቻ ነው፣ የእነሱ ምድጃ ደግሞ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው። ለፊርማው ሲባል ቅዳሜ ማንም አላቦካም።

ጥጉን ስትታጠፍ የዳቦ ቤቱ ጭስ መውጫ ሲጨስ አየች።

መጀመሪያ ቃጠሎ መስሏት ሮጠች። ከዚያ የዳቦው ሽታ መጣ። ከደጁ ላይ አንዲት ሴትና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ጭሱን አይተው የመጡ። «ዛሬ የለም ብላችሁን አልነበረም እንዴ?» አሏት። ሌሲኤሊ ቁልፉ እየተንሸራተተባት በሩን ከፈተችና በራሷ በኩል ገባች። ግድግዳው ሞቋል። እስትንፋሷ ሳይመለስ መስኮቱ ተንኳኳ።

ከፈተች። ትሪው መጣ፣ የዳቦው ቅርፊት ገና ይንጣጣል። ያዘችው። እጆቹ ግን አልለቀቁትም።

«ሌሲ።»

ስሟን ከአፉ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው በልጅነቷ ነው። ድምፁ የአባታቸውን መስሏል፣ ይህንን አታውቅም ነበር። «አቤት» አለች።

«ምድጃውን ካልወሰድሽው ምን ልሆን ነበር?»

«አንተ መሸጥ ፈልገህ አልነበረም?»

«እኔ? አንቺ ደክሞሽ መስሎኝ ነው እንጂ። ባልሽ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን አርፈሽ አታውቂም። ሱሊያ ደግሞ፣ እህትህ ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች፣ ልትሰናበታቸው ነው መሰለኝ አለችኝ።»

«እኔ ደግሞ ወገብህን ብዬ።»

«ወገቤን ድሮም ያመኛል። ቤት ስቀመጥ ነው የሚብስብኝ።»

«ትናንት ታዲያ ለምን ተነስተህ ሄድክ? እኔን ፊት ልትነሳኝ መስሎኝ ስቃጠል ነው ያደርኩት።»

«ሊጥ ላቦካ ነዋ» አለ ሊሲያቴ። «እሁድ ሰው ዳቦ ይፈልጋል። ማን ሊያቦካ ነው?»

ሌሲኤሊ መጀመሪያ ሊያለቅሳት መሰላት፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከግድግዳው ወዲያም ሳቅ ተሰማ፤ ወገቡን እያመመው የሚስቅ፣ መሐል መሐሉ ላይ «ወይኔ» የሚል። እህትና ወንድም አብረው አይስቁም። ግን ማንም አላያቸውም፣ እነሱም ጎንበስ ብለው አልተያዩም። ፊሊሞኔ ለብዙ ጊዜ እንደሚያኮርፋት አውቃለች፣ እውነቱንም ነው፤ ሱሊያም ሁለቱንም ሰድባ አትጠግብም። ይህን ሁሉ ነገ ትሰማዋለች። ደጁ ላይ ሰልፉ ረዝሟል፣ አንዱ በሳንቲም ባንኮኒውን እየመታ ነው።

ትሪውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ በጥጉ ያለውን የዱቄት ጆንያ በእጇ ዳብሳ ተቀመጠችበት።

መስኮቱ እንደገና ተንኳኳ። «ሌሲ፣ ተቀበይኝ እንጂ፣ ሁለተኛው እያረረ ነው።»

«ይረር» አለችው። «ተቀምጫለሁ።»